የውሃ ቢል ለመቀነስ ከቆጣሪው ጀምሩ

የውሃ ቢል በድንገት ሲጨምር ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ማነው ውሃ የሚያባክነው?» የሚል ነው። ልጆች ይወቀሳሉ። ሻወር ገብቶ የሚቆየው ሰው ይወቀሳል። ለጥቂት ቀን ሁሉም ይጠነቀቅና ነገሩ ይረሳል። የሚቀጥለው ቢል ግን ያው ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሰው አይደለም። ሁሉም ተኝቶ እያለ፣ ማንም ሳይነካው የሚፈስ ውሃ አለ። ማንም አልተጠቀመበትም፤ ግን ይቆጠራል፣ ይከፈልበታል። ስለዚህ የምመክረው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ለኩ። ቀጥሎ በራሱ የሚፈሰውን አስቁሙ። ከዚያ ብዙ ውሃ የሚወስዱትን ዕቃዎች አስተካክሉ። ልማድ መቀየር መጨረሻ ላይ ይምጣ። ልማድ በየቀኑ ትግል ይጠይቃል፤ ያረጀ ጎሚኒ ግን አንዴ ከተቀየረ ለዓመታት አያሳስብም።

ቆጣሪውን ማንበብ

አብዛኞቹ የቤት ቆጣሪዎች የሚቆጥሩት በሜትር ኩብ ነው። 1 ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጊዜ መሙላት ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጥቁርና ቀይ ቁጥሮች ታያላችሁ። ጥቁሮቹ ሙሉ ሜትር ኩብ ናቸው፤ ቢሉ የሚሠራው በእነሱ ነው። ቀዮቹ ከ1 ሜትር ኩብ በታች ያለውን ያሳያሉ። ለቢል ባይጠቅሙም ለእኛ ሥራ ዋናዎቹ እነሱ ናቸው። ከጎናቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን የምትመስል ትንሽ መዘውር አለች። ጥቂት ውሃ ሲያልፍ እንኳን ትዞራለች።

አሁን ቤቱ ውሃ እያፈሰሰ መሆን አለመሆኑን እንፈትሽ።

1. ሁሉንም ቧንቧ ዝጉ። ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አይሥራ። ሮቶ ካላችሁ ሞልቶ መቆሙን እዩ፤ እየሞላ ከሆነ ቆጣሪው መዞሩ አይቀርም።
2. ቁጥሩን ቀዮቹን ጨምራችሁ ጻፉ። በስልክ ፎቶ ማንሳት ይቀላል።
3. 1 ወይም 2 ሰዓት ጠብቁ። ከሁሉ የሚሻለው ማታ ሁሉም ሊተኛ ሲል አንብቦ፣ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ እንደገና ማንበብ ነው።
4. ሁለቱን አነጻጽሩ።

ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ጥሩ ነው። ከተንቀሳቀሰ ግን ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት። በሰዓት 8 ሊትር የሚያፈስ ቤት በቀን 192 ሊትር ያፈሳል። በ30 ቀን 5,760 ሊትር፣ ማለትም ወደ 6 ሜትር ኩብ ይጠጋል። ይሄ ለአንድ ሰው የወር ፍጆታ የሚበቃ ውሃ ነው።

የሚያፈሰውን ቦታ ለመለየት ወደ ቤት የሚገባውን ዋና ቫልቭ ዝጉ። ቆጣሪው አሁንም የሚዞር ከሆነ ችግሩ በቆጣሪውና በቫልቩ መካከል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ውስጥ። ሁልጊዜ የሚረጥብ ወይም ከሌላው ቦታ ተለይቶ ሣሩ የሚለመልም ቦታ ካለ እዚያ ፈልጉ። ቆጣሪው ከቆመ ደግሞ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። ዋናውን ክፈቱና የየዕቃውን ትናንሽ ቫልቮች ተራ በተራ እየዘጋችሁ ቆጣሪውን እዩ። የትኛውን ስትዘጉ ቆመ? እሱ ነው።

ሮቶ ያለው ቤት ግን ለየት ይላል። ቆጣሪው የሚያየው ወደ ሮቶው የሚገባውን ውሃ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ሽንት ቤቱ እያፈሰሰ ቆጣሪው ለጊዜው ቆሞ ልታገኙት ትችላላችሁ። የሮቶው ውሃ ዝቅ ሲል ተንሳፋፊው ኳስ ይወርዳል፤ ያኔ ነው ቆጣሪው የሚዞረው። ስለዚህ ማታ ወደ ሮቶው የሚገባውን ቫልቭ ዝጉ። በላይኛው ክዳን በኩል ንጹሕ ዘንግ አስገብታችሁ የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ማንም ሳይጠቀም እንደገና ለኩ። ዝቅ ካለ የሚያፈሰው ከሮቶው በኋላ ነው። የሮቶው የትርፍ ውሃ መውጫ ቱቦም ይታይ። ተንሳፋፊው ኳስ በደንብ ካልዘጋ ውሃው በዚያ ቱቦ ወጥቶ ጣሪያ ላይ ይፈሳል፤ ወደ ላይ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ስለማይኖር ለወራት ላይታወቅ ይችላል።

ቢሉ እንዴት እንደሚሰላ እወቁ

ቢሉ ላይ ያለውን ንባብ ቆጣሪው ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። አንዳንዴ ቆጣሪው ሳይነበብ በግምት ይሞላል። ግምቱ ከፍ ካለ ያልተጠቀማችሁበትን ነው የምትከፍሉት። ዝቅ ካለ ደግሞ ልዩነቱ ተጠራቅሞ አንድ ቀን ይመጣባችኋል።

ሌላው ነገር ደረጃ ነው። ብዙ የውሃ አቅራቢዎች የሚያስከፍሉት በደረጃ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሜትር ኩቦች ርካሽ ናቸው፤ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም ይጨምራል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ደረጃውን ስታልፉ ሙሉው ፍጆታ በከፍተኛው ዋጋ ይሰላል። ይሄ ለቆጣቢ ጥሩ ዜና ነው። ስትቀንሱ የሚቀነሰው ከላይ፣ ውድ ከሆነው ነዋ። የደረጃው ወሰን 10 ሜትር ኩብ ቢሆንና እናንተ 12 የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ግባችሁ እነዚያ 2 ሜትር ኩቦች ናቸው። የፍሳሽ ማስወገጃ ክፍያም ብዙ ጊዜ በውሃው መጠን ስለሚሰላ አብሮ ይወርዳል።

ሽንት ቤቱ፦ ድምፅ የማያሰማው ሌባ

ጊዜ ያላችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ለዚህ ስጡት። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ይታያል፣ ይሰማል፣ ያበሳጫል። ሽንት ቤት ግን ከውሃ ሳጥኑ ወደ መቀመጫው ዝም ብሎ ሲያፈስ ይኖራል። ክፉኛ ሲያፈስ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ሊወስድ ይችላል። ውሃው ቀጥታ ወደ ፍሳሹ ስለሚገባ ወለሉ እንኳን አይረጥብም።

መፈተሻው ቀላል ነው። የሳጥኑን ክዳን አንሱ። ጥቂት ጠብታ የምግብ ቀለም፣ ወይም ማንኛውንም ደማቅና በውሃ የሚሟሟ ቀለም ጨምሩ። ማንም ፍላሽ ሳያደርግ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ከዚያ መቀመጫው ውስጥ ያለውን ውሃ እዩ። ቀለም ካለበት ያፈሳል። ስታዩ ስትጨርሱ ወዲያው ፍላሽ አድርጉ፤ ቀለሙ እንዳይይዝ።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ከሳጥኑ ሥር ያለው የላስቲክ መክደኛ ነው። ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይጣመማል፣ ወይም የውሃ ዝቃጭ ይይዘውና በደንብ አይገጥምም። ግድግዳው ላይ ያለውን ትንሽ ቫልቭ ዝጉ፣ ፍላሽ አድርጋችሁ ሳጥኑን ባዶ አድርጉ፣ ላስቲኩን አውጡ። ላስቲኩንም፣ የሚቀመጥበትን ጠርዝም በጨርቅ አጽዱና መልሱ። አንዳንዴ ይሄ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ አዲስ ግዙ፤ ግን አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ መጠኑና ቅርጹ ስለሚለያይ በግምት የተገዛው አይገጥምም። የሚስበው ሰንሰለትም ይታይ። በጣም ካጠረ መክደኛውን ቀና አድርጎ ይይዘዋል፤ በጣም ከረዘመ ደግሞ ሥር ይገባበታል።

ሁለተኛው የውሃው ከፍታ ነው። ሳጥኑ መሃል ላይ የቆመች ቱቦ አለች። ውሃው ከአፏ ከደረሰ በእሷ በኩል ሌት ተቀን ይፈሳል። ውሃው መቆም ያለበት ከቱቦዋ አፍ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ተንሳፋፊውን ዝቅ ለማድረግ ብዙዎቹ ላይ የሚዞር ብሎን አለ። ተንሳፋፊው ዝቅ ተደርጎም ውሃው መግባቱን ካላቆመ የሚያስገባው ቫልቭ ተበላሽቷልና ይቀየር።

መፍሰሱ ከቆመ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ በአንድ ፍላሽ ስንት ሊትር እንደሚሄድ ነው። የቆዩት ሽንት ቤቶች 13 ሊትርና ከዚያም በላይ ይወስዳሉ። አዳዲሶቹ 6 ሊትር ወይም ከዚያ በታች ናቸው። ባለ ሁለት ቁልፎቹ ደግሞ በትልቁ 6፣ በትንሹ 3 ሊትር አካባቢ ይለቃሉ። የእናንተን ለማወቅ ሳጥኑ ሞልቶ ሳለ የውሃውን ከፍታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ቫልቩን ዝጉ፣ ፍላሽ አድርጉ፣ ከዚያ በሊትር በተለካ ጆግ እስከ ምልክቱ እየቆጠራችሁ ሙሉት።

5 ሰዎች በቀን 4 ጊዜ ቢጠቀሙ 20 ፍላሽ ነው። በ13 ሊትር 260፣ በ6 ሊትር 120። ልዩነቱ በቀን 140 ሊትር፣ በወር 4.2 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሽንት ቤት ለመቀየር ካሰባችሁ ይሄን ስሌት በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት። መቀየር አቅም ካልፈቀደ 1 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃና አሸዋ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ ተንሳፋፊውን በማይነካ ጥግ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ። በየፍላሹ 1 ሊትር ይቀራል። ጡብ ግን አታስገቡ። ጡብ እየተፈረፈረ መክደኛውን ያበላሻል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ጠርሙሱ ከገባ በኋላ ሁለቴ ፍላሽ ማድረግ ካስፈለጋችሁ አውጡት። ሁለቴ 12 ሊትር ከአንዴ 13 ይበልጣል።

የሚንጠባጠብ ቧንቧ

ስንት እየወሰደ እንደሆነ ለማወቅ ኩባያ ሥሩ አድርጋችሁ 1 ሰዓት ጠብቁ። በሰዓት 200 ሚሊ ሊትር ከሆነ በቀን 4.8 ሊትር፣ በወር 144 ሊትር ነው። እውነቱን ለመናገር ከሚያፈስ ሽንት ቤት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ግን የመጠገኛው ወጪም ትንሽ ነው፣ ከቆየም ይብሳል። የሙቅ ውሃው ቧንቧ ከሆነ ደግሞ መብራትም አብሮ ነው የሚንጠባጠበው።

እየዞረ የሚዘጋው ዓይነት ከሆነ የሚያረጀው ውስጡ ያለው ጎሚኒ ነው። ውሃውን ከቫልቩ ዝጉ። ትንንሽ ብሎኖች እንዳይገቡ የሲንኩን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኑ። እጀታውን ፍቱ፣ ውስጡን አውጡ፣ ጎሚኒውን በዚያው ልክ በሆነ ቀይሩ። ወደ ላይ እየተነሳ የሚከፈተው ዓይነት ጎሚኒ የለውም፤ የሚቀየረው ካርትሪጅ የሚባለው፣ ውስጡ ሆኖ ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል ነው፤ እሱንም አሮጌውን ይዞ ሄዶ መግዛት ነው። እስከዚያው ቧንቧውን በኃይል አትዝጉ። አጥብቆ መዝጋት ጎሚኒውንም መቀመጫውንም ይጎዳል።

ሻወር

ባለ 10 ሊትር ባልዲ ከሻወሩ ሥር አድርጉ። እንደምትታጠቡበት አድርጋችሁ ክፈቱና ሰዓት ያዙ። በ40 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 15 ሊትር እየወሰደ ነው። በ1 ደቂቃ ከሞላ 10 ሊትር ነው።

በደቂቃ ከ10 ሊትር በላይ ከሆነ ቆጣቢ የሻወር ራስ መግዛት ያዋጣል። ቆጣቢዎቹ በደቂቃ ከ6 እስከ 9 ሊትር ይለቃሉ። ልዩነቱን እንየው። 8 ደቂቃ በ15 ሊትር 120 ሊትር ነው። 8 ደቂቃ በ8 ሊትር 64 ነው። አንድ ሰው ባንድ መታጠብ 56 ሊትር ይቆጥባል። 4 ሰዎች በየቀኑ ከታጠቡ በወር 6.7 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ያንን 56 ሊትር በ20 ዲግሪ ለማሞቅ ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይወጣል፤ የመብራት ቢሉም ይወርዳል ማለት ነው።

ግን ሁሉም ቤት ቆጣቢ ራስ አያስፈልገውም። ውሃችሁ ቀድሞውንም በቀጭኑ የሚወርድ ከሆነ ብራችሁን አታጥፉ። ውሃው እያለፈ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ሻወር ካላችሁም ተጠንቀቁ። እንዲህ ያለው ዕቃ የሚሠራበት ዝቅተኛ የውሃ ፍሰት አለው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ላይበራ ወይም ከልክ በላይ ሊያሞቅ ይችላል። መመሪያውን ሳታዩ አትግዙ።

ሙቁ እስኪመጣ የሚፈሰው ቀዝቃዛ ውሃ ንጹሕ ውሃ ነው። ባልዲ አድርጉለት። ቦይለሩ ከሻወሩ ሩቅ ከሆነ ባልዲው በየቀኑ ይሞላል። ለወለል፣ ለልብስ፣ ለሽንት ቤት ይሆናል። ሳሙና ስትቀቡ መዝጋትም ብዙ ያድናል፤ ከተነሱት ልማዶች ሁሉ ይሄኛው ላይ ብትበረቱ ደስ ይለኛል።

የቧንቧ አፍና ኩሽና

ኤሬተር የሚባለው ትንሽ ወንፊት የቧንቧው አፍ ላይ ይጠመዘዛል። ውሃውን ከአየር ጋር ስለሚቀላቅለው ፍሰቱ ሲቀንስ እንኳን ለእጅ የቀነሰ አይመስልም። በደቂቃ 10 ወይም 12 ሊትር የሚለቅ ቧንቧ በእሱ ወደ 5 ወይም 6 ሊትር ይወርዳል። ዋጋው ትንሽ ነው። ስትገዙ የቧንቧችሁ ጥርስ በውጭ ነው በውስጥ የሚለውን እዩ። አሸዋ ስለሚይዝ አልፎ አልፎ ፈታችሁ እጠቡት። ባልዲ ወይም ድስት የምትሞሉበት ቧንቧ ላይ ግን አታድርጉት። ባልዲው የሚወስደው ያው ነው፤ የሚጨምረው ቆማችሁ የምትጠብቁት ጊዜ ነው።

ዕቃ ስታጥቡ ቧንቧውን ከፍቶ መተው ውድ ነው። በደቂቃ 8 ሊትር ከሆነ በ10 ደቂቃ 80 ሊትር ይሄዳል። ትርፍራፊውን አስቀድማችሁ ጥረጉ። በአንዱ ሳፋ በሳሙና እጠቡ፣ በሌላው አለቅልቁ። 20 ሊትር ይበቃል። ሥጋ የነካ ዕቃ ካለ ግን መጨረሻ ላይና ለብቻው ይታጠብ።

ልብስ

ማሽኑን ሲሞላ ብቻ አሥሩት። ከላይ የሚከፈቱት የቆዩ ማሽኖች ባንድ ዙር ከ100 ሊትር በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። ከፊት የሚከፈቱት አብዛኛውን ጊዜ 50 ሊትር አካባቢ ነው። በእጅ ለሚያጥብ ሰው የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ ለቀጣዩ ልብስ መዘፍዘፊያ፣ ከዚያም ለወለል ይሆናል።

ግቢና አትክልት

ግቢ ያለው ሰው ጎማውን ይጠንቀቅ። ክፍት የተተወ ጎማ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሻወሩን ቁጠባ ሁሉ ይበላል። ጫፉ ላይ ሲለቁት የሚዘጋ መርጫ ይግባለት። መኪና በባልዲና በጨርቅ ይታጠብ። አትክልት በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይጠጣ፤ ቀን ላይ ብዙው ይተናል። አፈሩን በደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ማልበስ እርጥበቱን ያቆያል።

የዝናብ ውሃ ነፃ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ እስከ 400 ሊትር ይወርዳል፤ ከዚያ ጥቂቱ ይባክናል። መጀመሪያ የሚወርደው የጣሪያውን አቧራና ኩስ ያጥባልና አፍስሱት። በርሜሉ ትንኝ እንዳያረባ ክዳን ይኑረው። ይሄ ውሃ ለአትክልት፣ ለወለልና ለሽንት ቤት ነው፤ አይጠጣም።

የልብስ ማለቅለቂያ ውሃም አትክልት ያጠጣል። ግን በረኪና ካለበት አይሆንም። ከአንድ ቀን በላይ አታቆዩት፤ ይሸታል። ጥሬ በሚበላ ቅጠል ላይም አታፍስሱት።

የማይነካው

እጅ መታጠብ ላይ አትቆጥቡ። የሚጠጣ ውሃ ላይ አትቆጥቡ። የሕፃን ንጽሕና፣ የታማሚ ንጽሕና ላይ አትቆጥቡ። ከእነዚህ የሚተርፈው ውሃ ትንሽ ነው፤ የሚያስከትለው ሕመም ግን ከቢሉ በላይ ያስወጣል።

መከታተል

በየሳምንቱ በአንድ የተወሰነ ቀን ቆጣሪውን አንብባችሁ ጻፉ። የወሩን ፍጆታ በ30 ቀንና በቤተሰቡ ቁጥር አካፍሉት። ለምሳሌ 4 ሰዎች በወር 15 ሜትር ኩብ ከተጠቀሙ ለአንድ ሰው በቀን 125 ሊትር ደረሰ ማለት ነው። ይሄን ቁጥር ከጎረቤት ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር የራሳችሁ ቁጥር ጋር አነጻጽሩት። እንግዳ ሳይመጣ፣ ምንም ሳይቀየር ከዘለለ ወዲያው ሽንት ቤቱን በቀለም ፈትሹ።

ሁሉን አድርጋችሁ ቢሉ አልወርድ ካለ ቆጣሪውን ራሱን ፈትኑት። ሌላ ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሮቶ ካለም ከሮቶው በፊት ካለ ቧንቧ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 5 ጊዜ ሙሉ። ከመሙላታችሁ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት 0.1 ሜትር ኩብ አካባቢ መሆን አለበት። ጀሪካን አፉ ድረስ ሲሞላ ከ20 ሊትር ትንሽ ስለሚበልጥ ጥቂት ልዩነት አያስደንግጥ። በጣም ከራቀ ግን ንባቦቹን በፎቶ ይዛችሁ ቆጣሪው እንዲመረመር ለውሃ አቅራቢያችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ከቆጣሪው በፊት የሚያፈስ ቧንቧ ካያችሁም ለእነሱ ንገሩ፤ ቢላችሁ ላይ ባይመጣም ውሃው እየባከነ ነው። ከቆጣሪው በኋላ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። መሬት ውስጥ ከሆነም የቧንቧ ሠራተኛ ጥሩና ከመቆፈራችሁ በፊት የትኛው ቫልቭ ሲዘጋ ቆጣሪው እንደሚቆም አሳዩት፤ ፍለጋው ያጥራል፣ የሥራ ዋጋውም ይቀንሳል።